ወረታ በነጻ ወይስ ባሕር ዳር በኪራይ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው። አከራያችን ቤቱን ለልጃቸው ስለሚፈልጉት ክረምት ሲገባ እንድንለቅ ነግረውናል። እዚህ ሌላ ቤት ብንጠይቅ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆነብን። ባለቤቴ የሕንፃ መብራት ዝርጋታ ይሠራል፤ እኔ ደግሞ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ናት፣ ወንዱ 4ኛ፣ ትንሿ መስከረም ላይ ኬጂ ትጀምራለች። ባለቤቴ የዚያው አገር ሰው ስለሆነ ወደ ባሕር ዳር እንሂድ ይላል። እናቱ ወረታ ውስጥ ሁለት ክፍል በነጻ ሊሰጡን ፈቃደኛ ናቸው፤ በጣም ጥሩ ሰው ናቸው። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ መሸንቲ ወይም ዘንዘልማ ብትከራዩ በግማሽ ዋጋ ታገኛላችሁ ትላለች። እኔ ግን ልጆቹ ከተማ ውስጥ እንዲማሩልኝ እፈልጋለሁ። ለቤት በወር ከ6,000 ብር በላይ አንችልም። በእጃችን 45,000 ብር አለ። የቱ ይሻለናል?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ለብዙ ዓመት የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ያዥ ሆኜ ስለሠራሁ ደብዳቤሽን ሳነብ እጄ ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ሄደ። ውሳኔዬን ከፊት ላስቀምጥልሽ፦ ባሕር ዳር ግቡ። ዓባይ ማዶ፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት በእግር በሚደረስበት ቦታ፣ ሁለት ክፍል ፈልጉ። ዓባይ ማዶ የሽምብጥን ወይም የቀበሌ 14ን ያህል ስም የለውም፤ በስም ደግሞ ኪራይ አይከፈልበትም። ዩኒቨርሲቲው ያለበትን የፔዳ አካባቢ ተዪው፤ ተማሪና መምህር ነጠላ ክፍል ፍለጋ ስለሚመላለስ አከራዩ አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ሲመጣበት ፊቱን ያዞራል።

የጓደኛሽን ሐሳብ እንመልከተው። መሸንቲ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብላ ናት፤ ዘንዘልማ በጎንደር መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ነው። ሁለቱም ቦታ ኪራይ ይቀንሳል፤ እውነቷን ነው። አሁን ግን ልጆቹ ከተማ ይማራሉ ብለን እንቁጠር። ባልሽ መሄጃና መመለሻ 2 ጉዞ። ትልቋ 2፣ ወንዱ 2። ትንሿን ጭንሽ ላይ ስለምታስቀምጫት አትከፍልም እንበል፤ አንቺ ግን አድርሰሻት ትመለሻለሽ፣ ልታመጫት ትሄጃለሽ፣ ይዘሻት ትመጫለሽ፤ ይህ 4 ነው። በቀን 10 ጉዞ ሆነ። በወር 22 የትምህርት ቀን ብንይዝ 220 ጉዞ። አንዱን በ15 ብር ብናስበው 3,300 ብር ነው። ከጥግ ሰፈር ለሚመጣ ሰው ደግሞ አንድ ባጃጅ አያደርሰውም፤ ወርዶ ሌላ ይይዛል፤ ስለዚህ 6,600 ብር። ለቤት የመደብሽውን 6,000 ብር ባጃጅ ብቻውን በላው፣ ኪራዩ ገና አልተከፈለም። 15 ብሩን ለምሳሌ ነው የወሰድኩት፤ የምትሄጂበትን ሰሞን ታሪፍ አስገቢበትና ራስሽ አባዢው። እንጀራውን ለምግብ ቤት የምታደርሺበትንም አልቆጠርኩትም። በዚያ ላይ የባጃጅ የሰዓት ገደብ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ባልሽ ሥራ አምሽቶበት መንገድ ላይ ሊቀር ነው። እኔ ብሆን ልጆቹ በእግራቸው ትምህርት ቤት ለሚደርሱበት ቤት 1,500 ብር ጨምሬ እከፍላለሁ፤ ጨመርኩ ብዬም አላስብም።

ወረታን ንቄ አይደለም። የፎገራ ሩዝ ያቆማት ከተማ ናት፤ የሩዝ መፈልፈያው ሲጮህ ይውላል፤ ሞተር ጠጋኝ ለሆነ ኤሌክትሪሺያን ሥራ አይጠፋም። ባልሽ ግን የለመደው አዲስ ሕንፃ ላይ መስመር መዘርጋት ነው፤ ያ ሥራ የሚበዛው ባሕር ዳር ነው። በመካከሉ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ በየቀኑ የሚመላለሱበት አይደለም። እሱ ባሕር ዳር አድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል እንዳትሉ ደግሞ፣ ያኔ ሁለት ቤት ሁለት ጉልቻ መሆኑ ነው፤ የነጻው ቤት ነጻነቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለውን ሁኔታ ባልሽም ያውቀዋል፤ መንገድ የሚዘጋበት ሳምንት አለ፣ ከከተማ ወጣ ሲባል ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመበት ወረዳም ብዙ ነው። አባት ወዲያ ማዶ ልጆች ወዲህ ማዶ ሆነው መንገድ ሲዘጋ፣ የስልክ ካርድ ብቻ አይደለም የሚያልቀው።

ያንቺም ሥራ አለ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም በየቤቱ ይጋግራል፤ ገዢው ጥቂት ምግብ ቤት ነው፣ እነሱም የለመዷት ሴት አለቻቸው። ባሕር ዳር ግን ቢሮ ውሎ ማታ እንጀራ በፌስታል ይዞ የሚገባ ብዙ ሰው አለ። አማትሽ ጥሩ ሰው መሆናቸውን ጽፈሻል። ጥሩ ሆነው እንዲቆዩልሽ ለበዓል ሂዱላቸው፣ ሦስት ቀን ቆይታችሁ ተመለሱ። ይህን ስል ባልሽ እንዳይቀየመኝ። ሁለቱን ክፍል አመስግናችሁ «ለክፉ ቀን ይቆይልን» በሉ፤ ሥራ ቢጠፋ መጠጊያ መኖሩ ራሱ ሀብት ነው። የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዝ ሲሞላ በውሃ የሚጥለቀለቅ መሆኑን ባልሽ አይነገረውም፤ የ1998ቱን ክረምት የሚረሳ የዚያ አገር ሰው የለም። የግድ ወደዚያ መሄድ ቢመጣባችሁ እንኳ ጉዞውን ለጥቅምት አድርጉት።

አሁን ወደ ቤት ፍለጋው። ለአከራይ የምታቀርቢው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው» አይሁን፤ «ምጣድ ይፈቀዳል?» በያቸው። ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቆጣሪው አንድ ነው፤ ዋናው ቤትም፣ ሁለቱም ሰርቪስ ተከራይም ከእሱ ይጠጣሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራ 3 ተኩል እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ አይደለም። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ደረጃ አለው፤ የወሩ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም የሚከፍለው በላይኛው ደረጃ ነው፤ ማን አስጨመረ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ጋጋሪዋ ላይ ነው። እኔ ተከራይ ሳለሁ አንዲት አከራዬ ማታ ማታ የእኔን መስመር ከዋናው ማብሪያ ላይ አጥፍተው ይተኙ ነበር። ሊጥ አቡክቶ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሚመስል አንቺ ይገባሻል።

አንቺ ግን ቤትሽ ውስጥ ባለሙያ አለሽ፤ ይህን ዕድል ተጠቀሚበት። ባልሽ ከቆጣሪው ጀምሮ እስከ ማድቤቱ ያለውን ሽቦ በዓይኑ ይከተለው። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ ከተሰካ መጀመሪያ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ከዚያ የላስቲክ ሽታ ይመጣል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ «መስመሩን እኔ በወፍራም ሽቦ ልቀይርላችሁ፣ ሒሳቡ ከኪራይ ይታሰብልኝ» ይበል። ለእናንተ ክፍሎች ብቻ የምታነብ ትንሽ ቆጣሪም ያስገባ፤ የፈጀሽውን በቁጥር ካሳየሽ ጭቅጭቅ የለም። ስምምነቱ ውል ላይ ይጻፍ። በቃል የተባለው ነገር የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ ይረሳል።

ቀጥሎ ግድግዳው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ አፈሩ ብዙ ቦታ ላይ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። አልጋ ወይም ቁም ሣጥን የቆመበትን ጥግ አስነሥተሽ እጅሽን ግድግዳው ላይ አድርጊ፤ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍታ ድረስ ቀለሙ ካበጠ ወይም ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ካወጣ ውሃ ይስባል። ታችኛው ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባማ ይበልጥ ጠርጥሪ። ቤቱን በሐምሌ የምታዩት መሆኑ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ዝናብ የጣለ ዕለት ሂጂና የግቢው ውሃ በየት በኩል እንደሚወጣ ተመልከቺ። ሽንት ቤቱ ከግቢው ዝቅ ብሎ ከሆነ ሞልቶ ይመለሳል፤ ሌላ ቤት ፈልጊ።

ስለ ቧንቧ ውሃ አከራዩን አትጠይቂ። ለአፍ ዳገት የለውም፤ «አይጠፋም» ይሉሻል። የጎረቤቱን ልጅ ወይም ቀድማ የተከራየችውን ሴት ጠይቂ፤ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሌሊት ይሁን ቀን በትክክል የምትነግርሽ እሷ ናት። ግቢው ውስጥ ሮቶ ካለ ለተከራይም ይከፈታል ወይ በይ። የጄሪካኑ ብዛትም ይናገራል፤ በር ላይ አሥር ቢጫ ጄሪካን ተደርድሮ ካየሽ መልሱን አግኝተሻል።

«ስንት ናችሁ?» መባልሽ አይቀርም። ልጆቹን አትደብቂ፤ ሁለት ናቸው ብለሽ ገብተሽ ሦስተኛዋ ስትመጣ አንገትሽን ደፍተሽ ልትኖሪ ነው። የደላላውን ድርሻ ቤቱን ከማየትሽ በፊት ተነጋገሪ። ውሉን በተመለከተ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል አለ፤ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ስለሆነ የምትገቡበት ቀበሌ ሄዳችሁ ውል ይመዘግባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቢመዘግብም ባይመዘግብም «የስድስት ወር አምጡ» ለሚል ሰው 45,000 ብራችሁን አትስጡ።

ብሩን ካነሣን አይቀር እንዲህ ብከፋፍለው ደስ ይለኛል። 12,000 ብር የሁለት ወር ኪራይ። ለደላላ፣ ለዕቃ መጫኛና ለባጃጅ የሚወጣውን አንድ ላይ አድርጊው። ለጭነት ወደ እህል ገበያ ብቅ በሉ፤ ጤፍ ከጎጃም ጭኖ የገባ አይሱዙ ባዶውን ከሚመለስ ቀንሶ ይጭንላችኋል። ቁም ሣጥንና ሶፋ ይዞ 550 ኪሎ ሜትር መጓዝ አይጠቅምም፤ እዚያው ሽጡት። ምጣድሽን፣ ቡሃቃሽን፣ የባልሽን ዕቃ ሣጥንና ፍራሾቹን ያዙ። ከቀረው ላይ የሁለት ወር ቀለብ አስቀምጪና አትንኪው። ባልሽ ሥራ ቢያገኝ እንኳ የመጀመሪያውን ሒሳብ እስኪቀበል ይቆያል፤ የሕንፃ ሥራ ክፍያ ደግሞ በክረምት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እሱ ትምህርት እንደተዘጋ ቀድሞ ይምጣ፤ ዘመድ ቤት አርፎ ሥራ ያነጋግር፣ ቤት ይይ። አንቺ ቪዲዮ አይተሽ «ይሁን» እንዳትይ፤ ማድቤቱን ያላየሽው ቤት ላይ ፈርሞ እንዳይጠብቅሽ።

የልጆቹን ጉዳይ ከሁሉ በፊት የምትጨርሺው ትልቋን ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና በክልል ደረጃ የሚሰጥ ነው፤ አዲስ አበባ የራሷ አላት፣ አማራ ክልልም የራሱ። የመማሪያ መጻሕፍቱም ይለያያሉ። ዓመቱን ጀምራ በመካከል ከተዛወረች መጽሐፉም የፈተና ምዝገባውም ይቀላቀልባታል። እንግዲህ ወይ ከመስከረም በፊት ትግባ፣ ወይ 8ኛን እዚያው ዘመድ ዘንድ ትጨርስ፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ከትምህርት ቤታቸው መልቀቂያና የውጤት ካርድ፣ ማኅተሙ የሚነበብ፣ ሰኔ ላይ ውሰጂ። ክረምት ላይ ርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ወጥቷል ይሉሻል።

ከቀበሌያችሁ መሸኛ ማውጣት አትርሱ። ያለ መሸኛ አዲሱ ቀበሌ አይመዘግባችሁም፤ ካልተመዘገባችሁ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ውስጥ መግባት ያስቸግራል። ለእናንተ ዓይነት ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ቤተሰብ ይህ በጣም ይጠቅማል፤ በዓመት አንዴ ትከፍላላችሁ፣ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ከላካችሁ እስከ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ያደርሳል። የምዝገባው ወቅት የተወሰነ ስለሆነ እንደገባችሁ መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

ይህን የምለው ወባ ስላለ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ልጆችሽ ደግሞ ወባን አያውቁም። ዝናቡ ቆሞ ውሃ መተኛት ሲጀምር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በርትቶ ይመጣል። አጎበር ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ይሰቀል፤ ለሁለት አልጋ ሁለት። ልጅ ካተኮሰው በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ «የአየር ለውጥ ነው» ብሎ ሦስት ቀን የሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ከሐይቁ ዳር ረግረግ አጠገብ ያለ ቤት ነፋሱ ደስ ይላል፤ ለሦስት ልጆች ግን አልመርጠውም።

አንድ ነገር ስለ እንጀራው። እዚህ አገር ጤፍን ከሩዝ ዱቄት ቀላቅሎ መጋገር የተለመደ ነው፤ ነጣ ብሎ ያምራል፣ ወጪም ይቀንሳል፣ ሲያድር ግን ይደርቃል። የምግብ ቤቱ ሰው በጣቱ ሲነካው ያውቀዋል። ከቀላቀልሽ ቀላቅያለሁ ብለሽ በቅልቅሉ ዋጋ ሽጪ፤ ንጹሕ ጤፉን ለይተሽ በሌላ ዋጋ። ጤፉን ቅዳሜ ገበያ ከመግዛትሽ በፊት አማትሽን ደውለሽ የወረታን ዋጋ ጠይቂያቸው፤ ሩዙንም ከእሳቸው ዘንድ ታስመጫለሽ። ሁለቱን ክፍል አልቀበልም ባልሽ ማግስት ሥራ ሰጥተሻቸው ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ ሁለት ልጆች ያሉኝ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ኪራይ ሰለቸኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ገበሬ ከማሳው ቆርሶ ሊሸጥልኝ ተስማምተናል። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ወረቀት ተጽፎ፣ ምስክር ይፈርማል። አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠርቼ ከቤተሰቤ ጋር ልግባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትግባ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ የሌለውን ሊሸጥልህ አይችልም። ሽማግሌውና ምስክሩ የተከበሩ ሰዎች ቢሆኑም በወረቀቱ የመሬት ባለቤት አያደርጉህም። ሌሊት የተሠራ ጨረቃ ቤት ግሬደር ሲመጣ ካሣ የለውም፤ ገበሬውም ብርህን አይመልስም፣ ቢመልስም በልቶታል። ከዚያ በፊት ደግሞ መብራት የለም፣ ውሃ የለም፣ ልጅህን የምታስመዘግብበት የቤት ቁጥር የለም።

ኪራይ መሰልቸቱን አውቀዋለሁ። ገንዘቡ በእጅህ ካለ በአንተ ስም ባንክ ይቀመጥ፤ ከሚያውቁህ ሹፌሮች ጋር የቤት ሥራ ማኅበር መደራጀት በዚህ ዓመት ክፍት መሆኑን ወይም የሊዝ ጨረታ መውጣቱን የክፍለ ከተማህን መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። የግንቦት 2016ቱ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ በዚያ በኩል የማይሸጥ የለም፤ አንተ ቀኑን ሙሉ እዚያ ስለምትመላለስ ደላላ ሁሉ ስልክህን ይዟል። ካርታ ያለው ቤት አሳየኝ የምትለው አንተ ሁን፤ የካርታውን ቁጥር ይዘህ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሂድ፤ ደላላው አብሬህ አልሄድም ካለ ተወው።